ነዳጁ ያልተነካበት ማዕቀብ

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ኢኮኖሚ ማዕቀብና ማዕቀብ የዓለምን ንግድ እንዴት እንደሚለውጠው ነው። ሩሲያ፣ ኢራን፣ ሰሜን ኮሪያ፣ ቬንዙዌላ እየተባለ ቃሉን በየዜናው እንሰማዋለን። እኔ ግን ከሩቅ አገር አልጀምርም። የመንግሥታቱ ማኅበር በዘመኑ ሁሉ የኢኮኖሚ ማዕቀብ የጣለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም የተጣለው በእኛ ምክንያት፣ ኢትዮጵያን በወረረችው በኢጣሊያ ላይ ነው። የማዕቀብን አሠራር ከዚህ አጥርቶ የሚያሳይ ታሪክ አላገኘሁም፤ ስለዚህ ሰዓታችንን በብዛት እዚያ ላይ እናሳልፋለን።

የኢጣሊያ ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በአራት ቀን ውስጥ፣ መስከረም 26፣ የማኅበሩ ምክር ቤት ኢጣሊያ የማኅበሩን የቃል ኪዳን ሕግ ጥሳ ጦርነት መክፈቷን ወሰነ። ወዲያው በጉባኤው ላይ 50 አገሮች ውሳኔውን ደገፉ። አልደግፍም ያሉት ኦስትሪያ፣ ሃንጋሪና አልባኒያ ነበሩ። የቃል ኪዳኑ አንቀጽ 16 እንደሚለው ደግሞ አንዱን አባል የወጋ ሁሉንም እንደወጋ ይቆጠራል፤ አባላቱም ከእሱ ጋር ያላቸውን የንግድና የገንዘብ ግንኙነት ወዲያውኑ ያቋርጣሉ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ ማኅበሩ የገባችው ይህን አንቀጽ አምና ነው። በአዲስ አበባ የማኅበሩ መቀመጫ የጄኔቭ ስም በእነዚያ ወራት የተስፋ ስም ነበር።

ማዕቀቡ በሥራ ላይ የዋለው ኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አራት ክፍል ነበረው። ለኢጣሊያ መሣሪያ አይሸጥም። ለኢጣሊያ መንግሥትም ሆነ ለኢጣሊያ ኩባንያዎች ብድር አይሰጥም። ከኢጣሊያ ዕቃ አይገዛም። አራተኛው ደግሞ ወደ ኢጣሊያ እንዳይላኩ የተከለከሉ ዕቃዎች ዝርዝር ነው። አድማጮች፣ እዚህ ዝርዝር ላይ ትንሽ እንቆይ።

ጎማ አለበት። አሉሚኒየም፣ ኒኬል፣ ክሮሚየም፣ ማንጋኒዝ፣ የብረት ማዕድን አለበት። ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመልም አለበት፤ የጭነት እንስሳ ለኢጣሊያ መሸጥ ክልክል ሆነ። የድንጋይ ከሰል ግን የለበትም። የብረት ማዕድኑ ተከልክሎ ከማዕድኑ የተሠራው ብረት አልተከለከለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ነዳጅ የለበትም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት የጦርነቱን መልክ ማስታወስ ነው። ጣሊያኖች በአድዋ የደረሰባቸውን አልረሱም፤ በዚህኛው ዘመቻ የመጡት በእግረኛና በበቅሎ ብቻ አይደለም። በሺህ በሚቆጠሩ የጭነት መኪናዎች፣ በታንክና በአውሮፕላን ነው። ከምጽዋ ወደ አስመራ፣ ከአስመራ ወደ አዲግራትና መቀሌ መንገድ እየቀደዱ ስንቅና ጥይት ያመላልሱ ነበር። በወታደሩና በሕዝቡ ላይ የመርዝ ጋዝ የረጩት አውሮፕላኖች የሚነሱት በቤንዚን ነው። ኢጣሊያ ደግሞ የራሷ ነዳጅ የላትም ማለት ይቻላል፤ ከሮማኒያ፣ ከሶቪየት ኅብረት፣ ከኢራን፣ ከአሜሪካና ከካሪቢያን አካባቢ እየገዛች ነው የምትኖረው።

ማኅበሩ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ጥያቄው ከመጀመሪያው ቀርቧል። ከትልልቆቹ ሻጮች ሁለቱ፣ ሮማኒያና ሶቪየት ኅብረት፣ ሌሎች ካቆሙ እኛም እናቆማለን ብለዋል። ጉዳዩን እንዲያጠኑ የታዘዙት ባለሙያዎችም በየካቲት 1928 ሪፖርታቸውን አቀረቡ። የነዳጅ ክልከላው በሁሉም ዘንድ ቢከበር ኢጣሊያ ከሦስት ወር እስከ ሦስት ወር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ባዶ እጇን ትቀራለች አሉ። በዚያው ወር በእንደርታ፣ አምባ አራዶም ላይ የራስ ሙሉጌታ ጦር በአውሮፕላን ቦምብ እየተደበደበ ነበር። ሪፖርቱ ተነበበ፤ ለውይይት ተቀጠረ፤ በዚያው ቀረ።

ለምን? አንዱ ምክንያት አሜሪካ ናት። አሜሪካ የማኅበሩ አባል አልነበረችም። ወረራው ከመጀመሩ ከአንድ ወር በፊት ያወጣችው የገለልተኝነት ሕግ መሣሪያ መሸጥን ይከለክላል፤ ነዳጅ ግን በሕጉ ውስጥ አይገባም። የሩዝቬልት መንግሥት ነጋዴዎቹን ለኢጣሊያ አብዝታችሁ አትሽጡ ብሎ መክሯል፤ ምክር ግን ሕግ አይደለም፤ የአሜሪካ ነዳጅ ወደ ኢጣሊያና ወደ ቅኝ ግዛቶቿ በብዛት መጫኑን ቀጠለ። እንግሊዝና ፈረንሳይም እኛ ብናቆም አሜሪካኖቹ ይሸጣሉ፤ ገበያችንን ከማጣት በቀር የምናተርፈው የለም የሚል ክርክር አነሱ። ክርክሩ ውሃ የሚቋጥር ይመስላል። ነገር ግን ከጀርባው ሌላ ነገር ነበረበት፤ ሙሶሊኒ ነዳጅ ከተነካ ጦርነት ነው ብሎ ማስፈራራቱ፣ ፈረንሳይም ጀርመንን ለመያዝ ኢጣሊያ ታስፈልገኛለች ብላ ማሰቧ።

በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ በሙኒክ ስብሰባ፣ ሙሶሊኒ ስለዚህ ነገር ለሂትለር የነገረውን አስተርጓሚው ፖል ሽሚት በኋላ ጽፎታል። ማዕቀቡ ወደ ነዳጅ ቢሻገር ኖሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሐበሻ ምድር ለቅቄ እወጣ ነበር አለ ይላል። አንድ ሳምንት የሚለው ምናልባት ተጋንኖ ይሆናል። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ግን ልቤ ይደማል፤ ባለሙያዎቹ በሪፖርታቸው ያሉትን ወራሪው ራሱ በአፉ አረጋግጦታልና።

ሌላው ክፍት የተተወ በር የስዊዝ ቦይ ነው። ከኢጣሊያ ወደ ምጽዋ የሚሄድ መርከብ ሁሉ፣ ወታደርም ይጫን ቦምብ፣ በዚያ ያልፋል። ቦዩን የሚያስተዳድረው ኩባንያ አመራሩ በአብዛኛው የፈረንሳዮች ነው፤ ከአክሲዮኑ ወደ ግማሽ የሚጠጋው የእንግሊዝ መንግሥት ነው፤ ዳር ዳሩን የሚጠብቀውም የእንግሊዝ ጦር ነው። በእ.ኤ.አ. 1888 የተፈረመው የቁስጥንጥንያ ውል ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ለሁሉም መርከብ ክፍት ይሁን ይላል፤ እንግሊዞች ይህን ውል ጠቅሰው አልዘጋ አሉ። ኢጣሊያም የመተላለፊያ ክፍያዋን እየከፈለች ጦሯን አሻገረች።

ስለ መሣሪያው ደግሞ ከማዕቀቡ በፊት የሆነውን ልንገራችሁ፤ እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በ1927 ዓ.ም. ክረምት፣ ወረራው ገና ሲዘጋጅ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ሲሰሙት ሚዛናዊ ይመስላል። ነገር ግን ኢጣሊያ የጠመንጃ፣ የመድፍና የአውሮፕላን ፋብሪካ አላት፤ ኢትዮጵያ አንድም የላትም። የኢትዮጵያ መሣሪያ የሚመጣው ከውጭ ተገዝቶ፣ አብዛኛው በጂቡቲ በኩል፣ በምድር ባቡሩ ነው፤ ባቡሩ ደግሞ የፈረንሳዮች ነው። ሁለቱን ወገን እኩል የሚከለክል ሕግ በተግባር የከለከለው አንዱን ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ከክልከላው ነፃ ስትሆን ጦርነቱ ተጀምሯል፤ ጊዜው አልፏል፤ የሚገዛበት ገንዘብም የለም። ማኅበሩ ብድር እንዲያመቻችላት ኢትዮጵያ ጠይቃ አላገኘችም።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ እስካሁን ስለተከፈቱት በሮች ነው ያወራነው። በተዘጉት በሮች በኩልስ ምን ሆነ? ማዕቀቡ ከንቱ ነበር ብሎ መጨረስ ልክ አይሆንም፤ የሚጎዳውን ጎድቷል።

ዋናው ጉዳት ከኢጣሊያ ዕቃ አይገዛም ከሚለው ክፍል የመጣ ነው። ይህን አዲስ አበባ ያለ አስመጪ ሁሉ ሳይነገረው ይገባዋል። አንድ አገር የውጭ ዕቃ የሚገዛው የራሱን ዕቃ ሸጦ ባገኘው የውጭ ምንዛሪ ነው። የኢጣሊያ ሐር፣ ፍራፍሬ፣ ወይንና ጨርቃ ጨርቅ በለንደንና በፓሪስ ገዢ ሲያጣ ፓውንድና ፍራንክ መግባቱ ቆመ። ብድርም የለም። ስለዚህ የቀረው የማዕከላዊ ባንኩን ወርቅ እያወጡ መክፈል ነው። ወርቁ በወራት ውስጥ በጣም መነመነ፤ ማዕቀቡ ከተነሣ በኋላ እንኳ፣ በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ሊራ ከዋጋው 40 በመቶ ገደማ እንዲቀንስ ተደረገ። የጦርነቱ ወጪ ራሱ ትልቅ ድርሻ ስላለው ሁሉንም ለማዕቀቡ መስጠት አይቻልም፤ ሁለቱ ተደራርበው ነው ያደከሟት።

ነገር ግን የሙሶሊኒ መንግሥት ይህንኑ ችግር ለራሱ መጠቀሚያ አደረገው። ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. በመላው ኢጣሊያ ሚስቶችና ባሎች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለመንግሥት የሚሰጡበት ቀን ሆነ። በሮም ንግሥት ኤሌና በማይታወቀው ወታደር መታሰቢያ ፊት የራሷንና የንጉሡን ቀለበት በሚጤሰው ዕቃ ውስጥ ጣለች፤ ከኋላዋ ባልቴቶችና እናቶች ተሰለፉ። ወርቁን ላስረከበ ሁሉ በምትኩ የብረት ቀለበት ተሰጠው። ደራሲው ሉዊጂ ፒራንዴሎ የኖቤል ሜዳሊያውን ሰጠ። በዚያው ቀን፣ በታኅሣሥ 8፣ ለንደን ውስጥ የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ። ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል ጋር ሆኖ የኢትዮጵያን መሬት ለሙሶሊኒ ቆርሶ ለመስጠት ያዘጋጀው ዕቅድ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጥቶበት ነው።

በየከተማው ማዘጋጃ ቤት ግድግዳ ላይም ሙሶሊኒ የእብነ በረድ ጽሑፍ አስለጠፈ፤ ኅዳር 8 ኢጣሊያ የተከበበችበት ቀን ሆኖ እንዲታወስ። ሻይ ከውጭ ገዝቶ ከማምጣት ይልቅ ከቅኝ ግዛት የሚመጣ ከርከዴ ጠጡ ተባለ። ሱፍ ከውጭ እንዳይገዛ ከወተት የሚሠራ ላኒታል የሚባል ክር ተመረተ። ክሩ ከሱፍ ጋር አይወዳደርም፤ ግን የውጭ ምንዛሪ አይበላም። ራሳችንን እንችላለን የሚለው ፖሊሲ ከዚያ በኋላ የአገዛዙ ዋና መፈክር ሆነ። በሌሎች አገሮችም ይኸው ነገር ብዙ ጊዜ ታይቷል፤ ሕዝብ በውጭ ኃይል ተከበብሁ ብሎ ሲያምን ዳቦ ያሳጣውን የራሱን መንግሥት ሳይሆን በሩን የዘጋበትን ባዕድ ነው የሚጠላው።

አሁን ወደ ማዕቀብ ጣዮቹ ሂሳብ እንምጣ። ማዕቀብ ሲጣል ሁለት ወገን ይጎዳል፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ዩጎዝላቪያን እንውሰድ። እንጨቷንና ከብቷን ከሁሉም በላይ የምትገዛት ጎረቤቷ ኢጣሊያ ነበረች። ዩጎዝላቪያ ማዕቀቡን በታማኝነት ፈጸመች፤ ትልቁን ገበያዋንም አጣች። ከማኅበሩ ሐሳቦች መካከል አባላት እርስ በርስ ይደጋገፉ፣ የተጎዳውን ይግዙለት የሚል አምስተኛ ሐሳብ ነበር፤ ነገር ግን እንግሊዝና ፈረንሳይ የገዙላት የጠፋባትን የሚተካ አልነበረም። የገዛላት ሌላ ነው፤ ከማኅበሩ ቀድማ የወጣችው፣ ማዕቀቡ የማይመለከታት የሂትለር ጀርመን። በጥቂት ዓመት ውስጥ የዩጎዝላቪያ ንግድ በበርሊን እጅ ገባ።

የደቡብ ዌልስ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎችም እንዲሁ። ከሰል በክልከላው ዝርዝር አልነበረም፤ ነገር ግን ኢጣሊያ ዕቃዋን ለእንግሊዝ መሸጥ ሲያቅታት የእንግሊዝን ከሰል የምትገዛበት ፓውንድ አጣች። ፊቷን ወደ ጀርመን ከሰል አዞረች። የዌልስ ከተሞች ቀድሞም ሥራ አጥነት ያደቀቃቸው ነበሩ። እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ያዙልኝ፦ ንግድ ሁለት አቅጣጫ ያለው ነገር ስለሆነ መግዛትን ስትከለክል መሸጥንም ከልክለሃል፤ በሕግ ባትጽፈውም።

በእኛ ሰፈር አንድ ሰው ነውር ሲሠራ ጎረቤት እሳት አይጫርለት፣ ከዕድሩም ይውጣ ተብሎ ይፈረድበታል። ቅጣቱ የሚሠራው ሁሉም ሲተባበር ነው። ከወንዝ ማዶ ያለ፣ በዕድሩ ያልታቀፈ ቤት እሳት ከሰጠው ግን ሰውዬው እራቱን ያበስላል፤ ከዚያ በኋላ የሚወዳጀውም ያን ማዶኛ ነው። ኢጣሊያና ጀርመን በ1927 ዓ.ም. በኦስትሪያ ምክንያት የማይተማመኑ ነበሩ፤ በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የሮም–በርሊን ዘንግ የሚባለው ወዳጅነት ታወጀ። ይህን ማዕቀቡ ብቻውን አላመጣውም። መንገዱን የጠረገው ግን የንግዱ መዞር ነው።

የጄኔቭ መጨረሻ ይታወቃል። መጋቢት 22 ማይጨው ሆነ፤ ሚያዝያ 27 ጠላት አዲስ አበባ ገባ። በለንደን ኔቪል ቼምበርሌን፣ በዚያን ጊዜ የገንዘብ ሚኒስትር የነበረው፣ ከዚህ በኋላ ማዕቀቡን ማቆየት እብደት ነው አለ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በማኅበሩ ጉባኤ ፊት ቆመው በአማርኛ ተናገሩ፤ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። በተከታዮቹ ቀናት ኢትዮጵያ ሁለት ጥያቄ አቀረበች፤ ለወረራው ዕውቅና እንዳይሰጥና 10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር እንዲሰጣት። ብድሩ ለድምፅ ሲቀርብ 23 አገሮች ተቃወሙ፣ 25 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ፣ የደገፈችው ኢትዮጵያ ራሷ ብቻ ነበረች። ማዕቀቡ ሐምሌ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ተነሣ። ከስምንት ወር ያነሰ ዕድሜ ነበረው። አርበኞቻችን ገና በየጫካው ሳሉ ከኢጣሊያ ጋር መነገድ እንደገና ተፈቀደ።

(ሙዚቃ)

ተመልሰናል፤ አሁን ወደ ዛሬው ዘመን እንሻገር። በ1928ቱ ማዕቀብና በዛሬው መካከል ትልቁ ልዩነት የገንዘብ መንገዱ ነው። ያኔ መርከብና ጉምሩክ ላይ ነበር ጥበቃው፤ ዛሬ ባንክ ላይ ነው።

አንድ ጭነት እንከተል። መርካቶ ያለ ነጋዴ ከውጭ ብረት ሊያመጣ ባንኩ ኤልሲ የሚባለውን የክፍያ ዋስትና ደብዳቤ ይከፍትለታል። ሻጩ በሌላ አገር ነው፤ ክፍያው ግን በዶላር ነው። ዶላር ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ ኒው ዮርክ ያለ ባንክ ውስጥ ያልፋል፤ ገዢውም ሻጩም አሜሪካን አይተዋት የማያውቁ ቢሆኑ እንኳ። የክፍያ መልእክቱ የሚተላለፈው ቤልጂየም በሚገኘው ስዊፍት በኩል ነው። መርከቡ ያለ ኢንሹራንስ ወደብ አይገባም፤ ከዓለም የባሕር መርከቦች ጭነት ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ዋስትና ያለው ደግሞ ማዕከላቸው በአብዛኛው ለንደን በሆነ ጥቂት የመድን ማኅበራት ዘንድ ነው። እንግዲህ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን የያዘ መንግሥት፣ አንድ የጦር መርከብ ሳያንቀሳቅስ የሌላውን አገር ንግድ ማነቅ ይችላል። የኢራን ባንኮች በእ.ኤ.አ. 2012 ከስዊፍት ሲቆረጡ የኢራን ነዳጅ ሽያጭ በአንድ ዓመት ውስጥ በእጅጉ ያሽቆለቆለው በከፊል በዚህ ነው።

ባንኮቹ የሚፈሩበት ምክንያት አላቸው። በእ.ኤ.አ. 2014 የፈረንሳዩ ቢኤንፒ ፓሪባ ባንክ ማዕቀብ ለተጣለባቸው ለሱዳን፣ ለኢራንና ለኩባ ደንበኞች ገንዘብ በማስተላለፉ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቅጣት ለአሜሪካ ከፍሏል። ይህ ቅጣት ከተሰማ በኋላ የትኛው ባንክ ነው ከካርቱም ለመጣ ማመልከቻ ፈጥኖ እሺ የሚል? ሕጉ መድኃኒትና ምግብ አይከለክልም። ነገር ግን የባንኩ ኃላፊ ፈቃዱን ከማጣራት ማመልከቻውን መመለስ ይቀለዋል፤ ከአንድ የመድኃኒት ጭነት የሚያገኘው ኮሚሽን ትንሽ ነው፣ የሚያሰጋው ቅጣት ግን ባንኩን የሚያናጋ ነው። የኢራንና የሱዳን ሕመምተኞች መድኃኒት ያጡት በአብዛኛው እንዲህ ነው። በወረቀት ላይ የተፈቀደ ነገር በተግባር ተከለከለ። እኔ እንደማምነው ማዕቀብ የሚጥሉ መንግሥታት ለዚህ ኃላፊነት አለባቸው፤ ፈቅደናል ብሎ መጻፍ ብቻውን መድኃኒቱን ሐኪም ቤት አያደርሰውም።

ንግዱ መዞሩን ደግሞ በሩሲያ ላይ በዓይናችን አየነው። ሩሲያ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ዩክሬንን ስትወር አውሮፓ አብዛኛውን ነዳጇን መግዛት በየደረጃው አቆመ። ከወረራው በፊት ሕንድ ከሩሲያ የምትገዛው ድፍድፍ ነዳጅ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም፤ በዓመቱ ግን ሕንድ ከውጭ ከምታስገባው ከሦስት እጅ አንዱ ገደማ የሩሲያ ሆነ። ያው ድፍድፍ በሕንድ ማጣሪያዎች ናፍጣ ሆኖ ወደ አውሮፓ የሚሸጥበት ጊዜም ነበር። ሰባቱ የበለጸጉ አገሮች ከጄኔቭ የተማሩ ይመስላል፤ ነዳጁን በሙሉ ከመከልከል ይልቅ በኅዳር 2015 ዓ.ም. የዋጋ ጣሪያ አወጡለት፦ ከ60 ዶላር በላይ ለተሸጠ በርሜል የምዕራብ ኢንሹራንስና መርከብ አይሰጥም ተባለ። ሐሳቡ ነዳጁ ለዓለም ይድረስ፣ ትርፉ ግን ይቀንስ ነው። ሩሲያ በበኩሏ ባለቤታቸው የማይታወቅ ያረጁ መርከቦች ሰብስባ በራሷ ኢንሹራንስ መጫን ጀመረች።

ከዚህ ሁሉ የሚታየው የማዕቀብ ዋና ውጤት የዋጋ ልዩነት ነው። የተከለከለው አገር የሚሸጠውን በርካሽ ይሸጣል፣ የሚገዛውን በውድ ይገዛል፤ በመካከል ያለው ልዩነት ለደላላው፣ ለባለመርከቡና አደጋውን ለሚሸከመው ባንክ ይሆናል። ንግዱ አልቆመም፤ መንገዱ ረዝሟል፣ የመንገዱ ቀረጥ በዝቷል። ቀረጡ ከበዛ ደግሞ አገሩ በጊዜ ብዛት ይደክማል። በቶሎ የሚያንበረክክ ማዕቀብ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ተመራማሪው ገሪ ሃፍባወርና ባልደረቦቹ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወዲህ የተጣሉ ከ170 በላይ ማዕቀቦችን መርምረው በከፊልም ቢሆን የተሳካው ከሦስት አንዱ ያህል ነው ብለዋል። ሌሎች ተመራማሪዎች ይህም ቢሆን በዝቷል ይላሉ።

የሩቁ ማዕቀብ ወደ እኛም ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. የአፈር ማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ጣሪያ ሲነካ ከምክንያቶቹ አንዱ ሩሲያና ቤላሩስ ከዓለም ዋና ዋና የማዳበሪያ አምራቾች መሆናቸው ነው። የሩሲያ ማዳበሪያ አልተከለከለም ነበር፤ ነገር ግን ባንኩ፣ መርከቡና ኢንሹራንሱ ሲያመነታ ዋጋው ወጣ፤ የተፈጥሮ ጋዝ መወደድም ጨመረበት። የጎጃምና የአርሲ ገበሬ ከጦርነቱም ከማዕቀቡም ምንም የለበትም፤ የኩንታሉን ዋጋ ግን ከፍሏል።

በራሳችን ላይ የደረሰውም አለ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው የንግድ ዕድል አስወጣች። ይህ በትክክለኛ ስሙ ማዕቀብ አይደለም፤ ከቀረጥ ነፃ የመግባት ዕድልን መንሳት ነው። የኢትዮጵያ ልብስ አሜሪካ እንዳይገባ ማንም አልከለከለም፤ ቀረጥ ከፍሎ ይግባ ነው የተባለው። ነገር ግን ለአንድ ሸሚዝ የሚከፈለው ቀረጥ ከሸሚዙ ከሚገኘው ትርፍ ሲበልጥ ገዢው ትእዛዙን ወደ ሌላ አገር ያዞራል። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ውሳኔው በሥራ ላይ ሳይውል፣ በኅዳር ወር፣ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከስፌት መኪናዎቹ ፊት የነበሩት አብዛኞቹ ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ጦርነቱን የጀመሩትም የሚያቆሙትም እነሱ አልነበሩም። ስለ ጦርነቱ ማንኛችንም የየራሳችን አስተያየት ይኖረናል፤ የቅጣቱ ክብደት በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ ግን ሐዋሳ ሄዶ ማየት ይቻል ነበር።

እነዚያ ወጣት ሴቶች ዶላር አምጪዎች ነበሩ፤ የእነሱ ዶላር ሲቀር የሚጎድለው ኤልሲ አለ፤ ኤልሲው ሲጎድል የማይገባ መለዋወጫ፣ መድኃኒት፣ ነዳጅ አለ። ይህን ሰንሰለት በሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅታችን እንቀጥላለን፤ ርዕሳችን የውጭ ምንዛሪ ከላኪው ኪስ ተነሥቶ አስመጪው ዘንድ እስኪደርስ የሚያልፍበት መንገድ ነው። በንግድ ሥራ ላይ ያላችሁ አድማጮች፣ ኤልሲ ለመክፈት ያጋጠማችሁን በጽሑፍ ብትልኩልን በዝግጅቱ ውስጥ እናካትተዋለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)